ተወልውሎ ስለ ጠራው የቀኝ በር መስታወት

ለተከበሩ የመኖሪያ ግቢያችን የንጽሕናና ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደሚለጥፏቸው ማስታወቂያዎች የማያቋርጥ እንዲሆን፣ ቤትዎም በሰላም እንዲሞላ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍሁት ጎረቤት ሁሉ የምስጋናዬ ምስክር እንዲሆን ብዬ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

እኔ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ የምኖረው፣ ኮሚቴው በስብሰባው «ግትሩ ሽማግሌ» በሚል የክብር ስም የሚያነሣኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች አራት ወር ሆኗታል። ወደ ሐኪም ቤት በመኪናዬ ስወስዳት ራሷን የቀኝ በሩ መስታወት ላይ አስደግፋ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ «መስታወቱን በፀጉርሽ ቅባት አታበላሺው» ስላት የኖርሁ ሰው፣ በዚያም ቀን፣ ምላሴን በቆረጠው፣ ይህንኑ ደገምሁላት። እርሷም ዓይኗን ሳትገልጥ «ምን ቸገረህ አንተ ሰው፣ ቅዳሜ ታጥበዋለህ» አለችኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን እርሷ አልነበረችም። መኪናውን አጠብሁ፤ ያን መስታወት ከውስጥ በኩል አልነካሁትም። የመዳፍ ስፋት ያለው የግንባሯና የፀጉሯ ምልክት እዚያው ቀረ፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ይታይ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መኪናን በቤት ማጠብ «ውሃ ያባክናል፣ የግቢውንም ገጽታ ያበላሻል» ብለው ስለ ከለከሉ አመሰግናለሁ። እኔ የማጥበው በሁለት ባልዲ ነበር፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቂያ። ብረቱ በፀሐይ ሳይግል፣ ከጣሪያው ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ ጎማው መጨረሻ ነው፣ የራሱም ጨርቅ አለው። ጣሪያው ሳይታጠብ ጎማ የሚነካ ሰው በምንም ጉዳይ አይታመንም። ከዚያ ውሃው ነጠብጣብ ሳይተው በጥጥ ጨርቅ አደርቀዋለሁ፤ ሰሙን በስሱ ቀብቼ ነጣ እስኪል እጠብቅና እወለውለዋለሁ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ከአሮጌ መጽሔት እያነበብሁ፣ ሁለት መኪና ቧጭሬ የተማርሁት ነው። የጥጡ ጨርቅ ያረጀ ቀሚሷ እንደ ነበር ኮሚቴው እንዲያውቅ አይጠበቅም።

፪ኛ. በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር ስለ ታዘዝሁ ራሴን አመሰግናለሁ። ሦስት ቅዳሜ ባልዲዎቼን ደፍቼ፣ መኪናው አቧራ ሲለብስ በመስኮት ተመለከትሁ። ከዚያም ኮሚቴው ያንኑ መኪና በአቧራው ምክንያት «የግቢውን ገጽታ የሚያበላሽ ንብረት» ብሎ መዘገበው። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት በየትም ግቢ አይገኝም።

፫ኛ. እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ፣ እኔ የመቃብሯን ድንጋይ ለማየት በወጣሁበት ጠዋት፣ የሚያጥቡ ሰዎች ከነማሽናቸው ስላስመጡልኝ አመሰግናለሁ። ጥበቃው እንደ ነገረኝ በአንድ ጠዋት ያፈሰሱት ውሃ እስከ ግቢው በር ድረስ ወርዷል፤ የእኔ ሁለት ባልዲዎች ግን አሁንም አባካኞች ናቸው። ቁልፉም አላስቸገራቸውም፤ በእርስዎ ደንብ መሠረት ጥበቃ ቤት አስቀምጬው ነበር። ቁልፉን በኪሴ ይዤ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈም ነበር። ይህን ጥፋት የምጭነው በራሴ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲካፈለኝም አልፈልግም።

፬ኛ. «ከውስጥም ከውጭም» ብለው ስላዘዙላቸው አመሰግናለሁ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አክብረው ሠርተዋል፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ አልወለውለውም። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ወጥቼ ከመኪናው አጠገብ ቆምሁ። ፀሐይዋ ወጣች፣ በጎን መታችው፣ አለፈች። ምንም አልነበረም። በሌላ ጎን ዞሬ አየሁት፣ ጎንበስ ብዬም አየሁት፤ የራሴን ፊት ብቻ አገኘሁ።

ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም ኮሚቴው ስብሰባ ተቀምጦ የሚያጸድቀው ከሆነ ይቅርብኝ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መስታወቱ የተወለወለበት ጨርቅ ታጥቦ ካልሆነ፣ እንደ ቆሸሸ ይሰጠኝ። ጥበቃው በኮሚቴው መጋዘን፣ ከመጥረጊያዎቹ ጋር ተጥሎ አይቼዋለሁ ብሎኛል። እባክዎ፣ ስለ ንጽሕና ያለዎትን ቅንዓት ለአንድ ቀን ብቻ ያሳርፉልኝ።

ለማስታወቂያዎ እስከ መጨረሻው ታማኝ የሆንሁ፣ አቧራዬን ፈቅጄ ያልተውሁ፣ ባልዲዎቼንም ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቅዳሜ ሥራቸው የመለስሁ፣

ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ግትር ጎረቤትዎ

ማሳሰቢያ፦ እንግዶቹ በመኪናዬ በኩል ሲያልፉ «እንዴት ይጠራል» ብለው እንዳደነቁ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው፤ አሁን ማንም አላፊ አግዳሚ፣ ጎንበስ ማለት እንኳ ሳያስፈልገው፣ በቀኝ ወንበር ላይ ማንም እንደሌለ አጥርቶ ያያል።