ቀይ ክር ያሰሩት ዶሮዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ከዳንግላ በጋሪ ተሳፍሬ ዶሮ አርቢዋ እማማ የሺ ዘንድ ሄድሁ። ለዶሮ ኮሌራ የተሻሻለውን ክትባት ከድሮው ጋር የምናወዳድረው በእሳቸውና በጎረቤቶቻቸው ዶሮዎች ነው። አዲሱን ለተከተቡት እግራቸው ላይ ቀይ ክር፣ ለሌሎቹ ሰማያዊ አስሬላቸው ነበር። በሽታው መንደሩ ገብቷል። ሰማያዊ ክር ካላቸው ሦስቱ ሞተዋል፤ ቀዮቹ አንዳቸውም አልታመሙም። ደስ ብሎኝ ስጽፍ እማማ የሺ፦

«ክሩንማ ለቅዳሜ ገበያ ፈትቼው ነበር» አሉኝ። «እግሯ ላይ ክር ያለባትን ዶሮ ‹የድግምት ናት› እየተባለች ማን ይገዛታል? ሳይሸጡ የተመለሱትን ግን አንተ እንዳይከፋህ መልሼ አሰርሁልህ።»

«የትኛዋ የቱን እንዳሰረች በምን ለዩ?»

«ምን መለየት ያስፈልገዋል ልጄ? ቀዩን ለጠንካሮቹ፣ ሰማያዊውን ለሚያንቀላፉት አደረግሁት።»

አመሰግናለሁ ያልሁ ይመስለኛል። እስክሪብቶዬን እንኳ እዚያው ረስቼ መጣሁ።

አሁን ክትባቱ ይሥራ አይሥራ እኔ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቶቻቸው ያመጣሁት ውጤትም እንዲሁ ያማረ ነበር። እሱን ለአለቃዬ ልኬዋለሁ።

ጎረቤቶቻቸውም ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ።