የእናቴን ምድጃ ያፈረስኩ ዕለት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽስ ተሻለው? ወንድሜ ከማድ ቤት የራቀ ክፍል ሰጥቶሻል ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ የሎሜ ከተማ ትስማማሽ። እኛ አለን፤ ደክሞናል እንጂ አለን። ባሕሩ ዘንድሮ የጎረቤታችንን ግድግዳ ይዞት ሄደ። ውኃው ስለሞቀ ነው መሰለኝ ሰርዲኑም ርቋል፤ ጀልባዎቹ ባዶአቸውን ይመለሳሉ።

እማዬ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ። ምድጃሽን አፍርሼዋለሁ። አዎ፣ ስዳር በገዛ እጅሽ ጭቃ አቡክተሽ የሠራሽልኝን፣ አፉ ላይ መዳፍሽን ያተምሽበትን። እዚህ ኬታ የእናትን ምድጃ ማፍረስ እናትን መስደብ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

አምና ሳሌ አላስተኛ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ደረቴን አዳምጣ ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ አለችኝ። ኧረ እኔ ክብሪት የምጭረው ዓሣ በጭስ ለማድረቅ ብቻ ነው ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ኮኮናቱ ሥር ስለቀበርናቸው ሁለት ሕፃናቴም ጠየቀችኝና ስነግራት፣ ጭሱ ለሆድ ልጅም አይበጅም አለችኝ።

ከዚያ የሴቶች ማኅበራችን የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠራልን። ግማሽ እንጨት ይበቃዋል፤ ጭሱም ፊቴን ትቶ ወደ ላይ ይወጣል። ግን ዓሣዬን የምትገዛኝ አክፔኔ አየችና፣ ምነው እቴ፣ ይሄ ዓሣ ታሞ ነው እንዴ የሞተው፣ እንዲህ የገረጣው አለች! ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። ሞኟ ልጅሽም በአዲሱ ያደረቅኩትን፣ ይጥቆርልኝ ብዬ መልሼ ያንቺ ምድጃ ላይ አጨስ ጀመር። ሁለት ምድጃ ለአንድ ደረት። ሳሉ ባሰብኝ።

ያለፈው ዓርብ ምድጃው ፊት ወደቅኩ። ባሌ ሰሎርም አነሣኝና ወይ ምድጃው ወይ አንቺ አለኝ። እንግዲያው አፍርሰው ስለው፣ የአማቴንማ ምድጃ አልነካም ብሎ ሸሸ! ራሴ በዶማ መታሁት። እያለቀስኩ ነበር።

አሁን የገረጣውም ቀስ እያለ ይሸጣል። አክፔኔን ባስቀምሳት፣ ለካ እስከ ዛሬ ጥላሸት ስንበላ ኖረናል አለች።

መዳፍሽ ያለበትን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ይቅር በይኝ። ይህን ያደረግኩት ለእኔ ደረት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለሰው ግን አትንገሪ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነይልኝ። ያን ሁለት ጊዜ ይዘሽው መጥተሽ፣ ሁለት ጊዜ እንደታጠፈ የመለስሽውን ለስላሳ የሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ አትርሺ።

እግዜር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ለማቀፍ ያብቃሽ።

ምድጃሽን ያፈረሰችው ልጅሽ