የአኳሪየሙ ቡናማ ሽፋን

ሚጣዬ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ የሳሎኑንም በር ቀለም ቀባነው።

የተውሽልን አኳሪየም ግን ሰሞኑን አስጨንቆን ነበር። መስታወቱ ቡናማ ለብሶ ዓሦችሽ አልታይ አሉን። ብወለውለው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ቁጭ! አንድ ቀን ብርቱካናማዋ ዓሣ ጥግ ይዛ አልንቀሳቀስ ስትል፣ ሞተች ብዬ አባትሽን ተጣራሁ።

አባትሽ ሮጦ ዓሣ ሻጩን ይዞት መጣ። ሰውየው ጠጠሩን በጣቱ ቆፈር ቆፈር አድርጎ፣ “አልጌ የሚሉት የውሃ ሽበት ነው። ምግብ እየተረፈ ውሃው ውስጥ በስብሷል። በቀን ስንቴ ነው የምታበሏቸው?” አለን።

“አንዴ!” አልን ሁለታችንም እኩል። ከዚያ ተያየን።

ለካ እኔ ጠዋት፣ ድሮ ደብተርሽን ይዘሽ መስታወቱን ኳ ኳ በምታደርጊበት ሰዓት አበላለሁ። እሱ ደግሞ ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ እየጎተትሽ ወደ ዓሦቹ በምትወስጂው ሰዓት። “ትረሺዋለሽ ብዬ እኮ ነው” አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ።

ግማሹን ውሃ ቀየርን፤ ጠጠሩን አጠብን፤ መስታወቱን አብረን ፈተግነው። አሁን ጠርቷል፤ ብርቱካናማዋም ትዋኛለች። የምናበላው በተራ ነው፤ በተራዬ ቀን ግን አጠገቤ መጥቶ ይቆማል።

አደራሽን፣ ስትደውይ እሱንም አገናኚኝ በይ። “ሰላም በይልኝ” ይላል እንጂ፣ ስልኩን እስክሰጠው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ