ጓንቱ በየትኛው እጅ ነው?

መስከረም 14

ሐኪሟ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ በእግርዎ ይሂዱ» አለች። ወዴት? እሱን አላለችም። ዛሬ ጌጃ ሰፈር ካለው ስፌት ቤቴ ተነስቼ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄድኩ። ሰፈሩ ያለ ጉዳይ የሚዞር ሰው አይወድም። አንዱ «ማን ሞቶ ነው?» ሌላው «መኪናህ ተበላሸ እንዴ?» መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ሦስተኛዋ ክንዴን ይዛ ለቅሶ ቤት አስገባችኝ። የማን ለቅሶ እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ንፍሮ በልቼ ወጣሁ። ስፖርት ይሄ ነው?

ማታ ቤት ስገባ ለሊሴን ግራ እጇ ላይ ካልሲ ተጠልቆላት አገኘኋት። የልጅ ልጄ ናት፣ አምስት ዓመቷ። እናቷ ሐዋሳ ስለምትሠራ እኛ ጋ ነው የምትኖረው። መምህሯ «በግራዋ ነው የምትጽፈው፣ ከአሁኑ ቀኙን አስለምዷት» ብላለች አሉ። ባለቤቴ ደግሞ (እንዳለች ነው ስሟ) የሰማችውን አታሳድርም፤ የእኔን ካልሲ አጥልቃ በክር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

አልፌያት እራት ቀረብኩ። ለምን አልፈታሁላትም?... እንጃ። ደክሞኝ ነው መሰለኝ።

መስከረም 20

ደንበኛዬ ሔኖክ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ኢንጂነር ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሱሪው ግን... የሎሚ ቀለም። «ይሄን ለብሰህ የት ልትሄድ ነው?» «ጎልፍ፣ ጋሽ ዱጉማ።» የእግር ጉዞዬን ጣጣ ነገርኩት። ሳቀ። «ጎልፍ እኮ ዞሮ ዞሮ በእግር መሄድ ነው። ዱላ ስለያዙ ግን ማንም ምን ሆነው ነው አይልዎትም።»

እውነቱን ነው። በዚህ አገር ዱላ የያዘ ሰው ተጠይቆ አያውቅም።

መስከረም 27

ከሔኖክ ጋር ጎልፍ ሜዳው ሄድን። አቤት ሣር! ይሄን ሁሉ ሣር አጥረው አንድ በግ እንኳ አላሰማሩበትም። በሔኖክ ዱላ ሞከርኩ። መሬቱ ተነቀለ፣ ኳሷ ቁጭ ብላለች። ደገምኩ። አፈር። «ቀስ ብለው፣ ጋሽ ዱጉማ።» ኳሷ አሁንም ቁጭ።

ግን ወደድኩት። አንዴም ሳልመታ ስዞር ውዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ... ደስ አለኝ። የራሴን ዱላ ልገዛ ነው።

እንዳለች፦ «ዱላ? በስልሳ ሁለት ዓመትህ? መደገፊያ ነው መማቻ?»

ጥቅምት 3

ሰፈሩ ሰማ። ከጎኔ ብየዳ ቤት ያለው አሌክስ «ጋሼ፣ ብረት አይደል? ለምን ይገዛሉ፣ እኔ እበይድልዎታለሁ» አለ። ማታ ይዞት መጣ። የውሃ ቧንቧ ጫፍ ላይ የበር ማጠፊያ በይዶ! ሳነሳው ወገቤ ጮኸ። «ይሄ ለጎልፍ አይሆንም፣ ለሌባ ነው» አልኩት። አልተቀየመም። በር ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ይጠቅማል።

ሔኖክ የሚለው ሌላ ነው። ጀማሪ ሙሉ ቦርሳ አያስፈልገውም፤ አንድ ራቅ አድርጎ መምቻ፣ ሁለት ሦስት ብረት ለመሃሉ፣ አንድ ኳሷን ከአሸዋ ማውጫ፣ አንድ ወደ ጉድጓዱ መግፊያ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም፤ ዋናው ከሰውየው ጋር መስማማቱ ነው። ይሄማ የእኔ ሙያ ነው። ሳይለካ የተገዛ ሱሪ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው።

ጥቅምት 8

ሔኖክ ያገለገለ የጎልፍ ዕቃ የሚሸጥ ፍሬምናጦስ የሚባል ሰው ጋ ወሰደኝ። ቁመቴን ለካ፣ ከእጅ አንጓዬ እስከ መሬት ለካ። ሜትር የሚይዝ ሰው ደስ ይለኛል። አንዱን ዱላ አስያዘኝና ቀና ብሎ፣

«ቀኝ ነዎት ግራ?»

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በስልሳ ሁለት ዓመቴ... አባቴም፣ መጀመሪያ መቀስ ያስያዘኝ ሰውዬም አልጠየቁኝም። የኔታማ ግራ እጄን በነጠላ ከወገቤ ጋር አስረው ነው ሀሁ ያስቆጠሩኝ።

«ቀኝ» አልኩ። ቶሎ።

«አያያዝዎ የግራ ይመስላል። የግራም አለኝ፣ ገዢ አጥቶ ነው የተቀመጠው...»

«ቀኝ አልኩህ እኮ!»

ሰውየው ሰደበኝ እንዴ? ምን አስጮኸኝ?

የቀኙን ገዛሁ። ጓንት መረቀልኝ። አንድ ብቻ። ቀኝ የሆነ ሰው ግራ እጁ ላይ ነው አሉ የሚያጠልቀው፣ ዱላው እንዳይንሸራተትበት።

ጥቅምት 10

ኮሪደር ላይ ስለማመድ አምፖሉን አወረድኩት። እንዳለች ስለ ዘር ማንዘሬ አንዳንድ ነገር ተናገረች።

ጥቅምት 15

ሜዳ። አፈር። ሔኖክ «ቀስ ብለው» ማለቱንም ትቶታል።

ጥቅምት 16

ዛሬ መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን...

ሳሎን ውስጥ ጓንቴን አጥልቄ አያያዝ እለማመዳለሁ። ለሊሴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በቀኟ ትጽፋለች። «ለ» ልትጽፍ... አንዱ እግሩ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ። ወረቀቱ ተቀደደ። አላለቀሰችም። ካልሲዋን አየች። ቀና አለችና ጓንቴን አየች። ያው ግራ እጅ።

«አባባ፣ አንተንም አሰሩህ?»

ምን ልበላት? «አይ፣ ይሄ ጨዋታ ነው» አልኳት።

«እማማም የኔን ጨዋታ ነው ብላኛለች።»

ተናደድኩ። በማን? በእንዳለች አልፈርድም። ጠዋት ጠዋት «በቀኝ አውለኝ» ብላ ልደታን ተሳልማ የምትመለስ ሰው ናት፤ ልጅቷ ሰው ፊት እንዳታፍር ብላ ነው። በየኔታ ነው የተናደድኩት። ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር። ቢሆንም።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሯን በዱላ የምመታው በግራዬ ነበር። አባቴ ቆሞ እያየ! አንድም ቀን አልተቆጣኝም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። በዓመት ያቺን ቀን እጄ የእኔ ነበር። ያን ቀን ደግሞ የሚችለኝ አልነበረም።

ጥቅምት 17

የቀኙን መለስኩ። ፍሬምናጦስ አላሾፈብኝም። እሺ፣ ትንሽ አሾፈ። «ማን አሳመነዎት?» «የአምስት ዓመት ልጅ።» የግራዎቹን አቧራቸውን ጠርጎ አወጣቸው። ጓንቱንም በቀኝ እጅ ቀየረልኝ። አያያዙን ያሳየኝ የለም፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል።

ከዚያው ከሔኖክ ጋር ሜዳ ሄድን። መታሁ... ሄደች! ወደ ዛፍ ነው የሄደችው፣ ግን ሄደች። ሔኖክ ጮኸ። እኔ ዕንባዬ መጣ። «ነፋስ ነው» አልኩት። ነፋስ አልነበረም።

ማታ የለሊሴን ካልሲ በመቀስ ቆረጥኩት። እንዳለች ብድግ አለች።

«መምህሯስ?»

«እኔ አነጋግራታለሁ። የእኔን ስልሳ ዓመት አስራችኋል፣ ይበቃል። የእሷን አታስሩም።»

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የምትበላው ግን በቀኟ ነው።»

«በቀኟ ትብላ። በግራዋ ትጻፍ።»

ከዚያ ካልሲውን አንስታ አገላበጠችው። «አንተ ሞኝ፣ ክሩን ብቻ በጥሰህ አታወጣውም? የራስህን ካልሲ እኮ ነው የቆረጥከው።»

ተስማማች ማለት ነው።

ጥቅምት 21

መምህሯን አነጋገርኩ። ከሜዳ መልስ ስለነበርኩ ዱላዎቹን እንደያዝኩ ነው የገባሁት። ወዲያው ተግባባን።

ጥቅምት 24

ይሄን የምጽፈው በግራዬ ነው። እጄን አመመኝ። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ለሊሴ አጠገቤ ተቀምጣ ስሟን በግራዋ ትጽፋለች። አሁን የእኔን አየች። የራሷን አየች።

«አባባ፣ የኔ ይበልጣል።»

እውነቷን ነው።