ያልመረቅሁት ወለድ

ነገሌ ቦረና
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊባን ጎሊቻ፣ ናይሮቢ

ሊባን ልጄ፣

አካም፣ ናጋ ነህ? ሚስትህስ? ልጆችህስ? እኔ ናጋ ነኝ። ጥርሴ ሁለት ቀርቷል፤ እግሬ ግን እስከ ገበያ ያደርሰኛል። ይህን የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ኃይለመስቀል ነው። እኔ በኦሮምኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ በአማርኛ ያሰፍረዋል። አንተም ፊደል የቆጠርከው በአማርኛ ስለሆነ ራስህ ታነበዋለህ። ሌላ ሰው እንዲያነብልህ አልፈልግም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትል። ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ሰላምታው ሲያልቅ ስለ ዝናብ አውርተን ተለያየን። አንዴማ «አባ፣ ሌላ ነገር አለ?» ብለኸኝ ነበር። ነበረ።

ነገሩ የሀንዱራህ ነው። ዳለቻዋን ጊደርህን ሸጥኳት።

ኃይለመስቀል «አባባ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን እናስቀድም» አለኝ። እንቢ አልኩት። ይሄ ማመልከቻ አይደለም፣ የሚያነበው ልጄ ነው። መጀመሪያ ዱላው ይረፍበት፣ ምክንያቱ ይደርሳል።

አንተ የተወለድክ ዕለት፣ እትብትህ ገና ሳይወድቅ፣ የአንዲት ጊደር ጆሮ ይዤ «ይህቺ የሊባን ናት» አልኩ፤ ሀንዱራህ እሷ ናት። ከእሷ የተወለደ ሁሉ የአንተ ነው። አባት ይጠብቃል እንጂ አይሸጥም። ልጅ የትም ይሂድ፣ ሀንዱራው በረት ውስጥ እስካለ ድረስ ቤቱ እዚህ ነው። አንተ ከሄድክ አስራ አንድ ዓመት ሆኖሃል። ሰው «ሊባን እኮ ቀረ» ሲለኝ ከብትህን በጣቴ እያሳየሁ አፉን አስይዘው ነበር። ከብትህ አስራ ሰባት ደርሶ ነበርና።

ድርቁን ሰምተሃል፣ ስንቱን እንደበላ ግን አልነገርኩህም። የእኔ አርባ ከብት አንድ ሳይቀር አለቀ። የአንተም አስራ ስድስቱ አለቀ። ከዚያች ጊደር ዘር አንድ የቀረችውን ዳለቻዋን ከጎጆዬ ክዳን ላይ ሳር እየነቀልኩ አበላኋት። ጠዋት ጠዋት መነሳት ሲያቅታት ሁለት ሰው ከፊት፣ እኔ ከጭራዋ ይዘን አቆምናት። ዝናቡ ሲመለስ እሷ ቆማ ነበር፤ ጎጆዬ ግን እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር።

አሁን ‘ጎሳው ለምን አላቋቋመህም?’ ትለኛለህ። አሁን የጎሳው ሽማግሌ የሆነው አረሮ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጎሊቻ፣ አፍህን ክፈትና ጠይቅ። ቡሳ ጎኖፋ ላልጠየቀ አይሰጥም» አለኝ። ያው ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ የሚያቆምበት ደንብ ነው። ግን ያ አረሮ የዛሬ ሃያ ዓመት ይህንኑ ሲጠይቅ በጉባኤ ተነስቼ «ከብቱን በሆዱ የጨረሰ ሰው ነው» ያልኩት አረሮ ነው። እሱ ፊት እጄን ልዘርጋ? «እኔ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» ብዬ ሸኘሁት። ከእሱ አመለጥኩና ብድር ቢሮ ገባሁ።

ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሰማንያ ሺህ ብር ወሰድኩ፤ ፍየል አደልቤ ልሸጥ። ወለዱ ከመቶ አስራ ሦስት። ደሞዝ ያለው ዋስ አምጣ ሲሉኝ እስራኤልን ለመንኩት፤ ከአንተ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረውን። አሁን እዚሁ ነገሌ ሂሳብ ያስተምራል። ነግሬው ሳልጨርስ ፈረመ።

የመጀመሪያው ዙር ፍየል ጥሩ ሄደ። ሁለተኛውን ዙር እንደገዛሁ፣ ባለፈው መጋቢት፣ ተበዳሪውን ሁሉ አዳራሽ ጠሩን። ሉሲ የምትባል የቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን አንብባ በሁለቱም ቋንቋ አስረዳችን። ወለዱ አስራ ዘጠኝ ሆኗል። የማይስማማ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት፤ ቀሪውን በድሮው ወለድ ይጨርሳል፣ ሌላ ብድር ግን አያገኝም። ያላመለከተ እንደተስማማ ይቆጠራል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም።

በመጨረሻ «በዕድሜ ትልቁ አንቱ ነዎት፣ መርቀው ይዝጉልን» አሉኝ። ዱላዬን አነሳሁ፣ በመሃላቸው አልፌ ወጣሁ። አንተ ደንቡን ታውቃለህ። በእኛ ጉባኤ ነገር የሚያልቀው በምርቃት ነው። ሽማግሌ ምርቃቱን ከልክሎ ከወጣ እንቢ ብሏል፤ ከዚያ የከበደ እንቢታ የለም። መቶ ሰው አይቶኛል፣ ወረቀት ደግሞ ምን ሊጨምር? አልኩ።

በማግስቱ ወተት ሻጯን ዲንኪቱን እዚሁ ኃይለመስቀል ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። እሷም ተበዳሪ ናት።

«አንቺ ሴት፣ አፍሽ ተዘጋ እንዴ በወረቀት የምትናገሪው?» አልኳት።

«አፍማ አለኝ አባ ሊባን፣ ቢሮው ነው ጆሮ የሌለው። ይምጡ ይቀመጡ። ሃምሳ ብር ነው፣ ከሌለዎት እኔ እከፍላለሁ።»

«ደግሞ በሴት ሃምሳ ብር!» ብዬ ስቄ አለፍኩ። ኃይለመስቀል አሁን ይህን ሲጽፍ አንገቱን እየነቀነቀ ነው። ይነቅንቅ። ዲንኪቱ በአስራ ሦስት እየከፈለች ልትጨርስ ነው።

እኔ ሦስት ወር የድሮውን ልክ ከፈልኩ። በአራተኛው ሉሲ «አባባ፣ ውዝፍ አለብዎት፤ ቅጣትም ተጨምሮበታል» አለችኝ።

«እኔ አልተስማማሁም።»

«አላመለከቱማ።»

«ምርቃት ከልክዬ ወጥቻለሁ! ዓይንሽ እያየ!»

«አይቻለሁ፣ አዝኛለሁም። ግን አባባ፣ ምርቃት ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

«ስሚ» አልኳት። «እኔ ላጣ ሰው የምትታለብ ላም አውሼ አውቃለሁ። ወተቱን እሱ ይጠጣል፣ ጥጃው የእኔ ነው። ድርቅ ገባ ብዬ ጥጃ ጨምርልኝ ብዬው ግን አላውቅም። የእናንተ ብር በክፉ ዓመት ነው እንዴ መንታ የሚወልደው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወለዱ ግን አስራ ዘጠኝ ነው።

እኔም «የድሮውን ካልተቀበላችሁ ምንም አትቀበሉም» ብዬ መክፈሉን አቆምኩ። ማንም በሬን አላንኳኳም። አሸነፍኳቸው ብዬ ገበያ መሃል ፎከርኩ። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ሁለተኛው ዙር ፍየል በሳንባ በሽታ አልቆ ነበር። እሺ ብልም የምከፍለው አልነበረኝም። ይህን ከአንተና ከኃይለመስቀል በቀር ማንም አያውቅም።

ጥር ላይ ዲንኪቱ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «አባ ሊባን፣ እስራኤል ለትንሿ ልጁ ወተት መውሰድ ካቆመ ሦስት ወሩ።»

«እኔ ምን ላድርገው? ላም ነኝ?»

«ደሞዙን እየቆረጡበት ነው። በአንቱ ዕዳ።» ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። እስራኤል ጠመኔውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። የሸሚዙ አንገትጌ ተገልብጦ ተሰፍቷል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንቱን ማሳፈር ከበደኝ፣ አባ። ሊባንም ቢሆን ለአባቴ ይህንኑ ያደርግ ነበር።»

ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው መትቶኝ አያውቅም። ያ ልጅ መታኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳለቻዋን ነዳኋት። የሚሸጥ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ገዢው ጥርሷን እያየ «የማን ናት?» አለኝ። «የሩቅ ሰው ናት» አልኩት። ሠላሳ አንድ ሺህ ቆጠረልኝ። ወደ ሞያሌ የሚሄደው አይሱዙ ላይ ስትወጣ ተንሸራተተች፤ ሁለት ሰው ገፋት። እኔ ጭራዋን አልያዝኩም። እንግዲህ ወደ አንተ አቅጣጫ ነው የሄደችው።

ለእስራኤል የተቆረጠበትን መለስኩለት። አልቀበልም ሲለኝ «እዚሁ መሬት ላይ ትቼው እሄዳለሁ» ብዬ አስያዝኩት። የተረፈው ውዝፉንና ቅጣቱን ዘጋ። ዋናው ዕዳ እንዳለ ነው፣ በአስራ ዘጠኝ። ለእሱ ስትል ከልጆችህ አፍ ነጥቀህ አንድ ብር እንዳትልክ፤ ብትልክ እመልሰዋለሁ። ከብት ገበያው በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። የሰው ከብት ሲገባና ሲወጣ እቆጥራለሁ። ቆጠራ አይጠፋብኝም።

አሁን ደህና አድርገህ ስማኝ። የልጁን ሀንዱራ ሳይጠይቅ የሸጠ አባት በዳይ ነው። እኔ በዳይ ነኝ። ይቅርታ መለመን አላውቅበትም፤ እናትህም እስክትሞት ይህንኑ ስትነግረኝ ኖራለች። መብትህን ግን አልቀማህም። ሽማግሌ ፊት ክሰሰኝ። የሚፈረድብኝን እከፍላለሁ፣ ስንት ዓመት ቢፈጅ።

ክሱ በስልክ አይሰማም፤ ጠይቄያለሁ። በወኪልም አይሆንም። ከሳሽ ራሱ ቀርቦ፣ ዓይን ለዓይን እያየኝ መናገር አለበት። ጊደሯ ብትወልድ ኖሮ ጥጃው የልጆችህ ነበረና እነሱም ተበዳይ ናቸው፤ አብረውህ መቅረብ ይችላሉ። ይህንንም ጠይቄያለሁ። ሽማግሌዎቹ በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ይቀመጣሉ። እኔ ባለፈውም ሐሙስ ሄጄ በተከሳሽ ቦታ ተቀምጬ ነበር። «ከሳሽህ ማን ነው?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው።

የምትጠጣው ውሃ አይንጠፍብህ። በምትሄድበት ደመና ይቅደምህ። ልጆችህ ከአንተ ይርዘሙ፣ አንተም ከእኔ ዕድሜ እለፍ።

አባትህ
ጎሊቻ ዲዳ
(የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)