አንዱን ምረጥ

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዘመሮ

ሦስት ዓመት የለፋሁበትን የፊዚክስ ጥናት የገመገመው ሰው ጠዋት በኢሜይል መልስ ላከልኝ። «ዛሬ የአቶም አስኳል፣ ነገ ፈሳሽ፣ ከነገ ወዲያ ፕሮቲን! አንዱን ምረጥ» ይላል። ቆሽቴ አረረ! ሦስቱን ያስተሳሰረውን ቀመር ገልጦ እንኳ አላየውም።

ከሰዓት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ጠብቄ ንዴቴን ዘረገፍኩባቸው። የዜማ መምህር ናቸው።

«ሦስቱ በምን ይገናኛሉ?» አሉኝ።

«ውስጣቸው የታጨቀ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት የምትንቀሳቀሰው ጎረቤቷ በለቀቀችላት መጠን ነው። ስሌቱ ያው አንድ ነው፣ አባባ!»

«ታዲያ ምኑ ይከብዳል? ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሦስት ዜማ ናቸው፤ የሚጻፉት ግን በአንድ ዓይነት ምልክት ነው። ይኸው አርባ ዓመት ሦስቱንም ሳስተምር ማን አንዱን ምረጥ አለኝ?»

«እኮ!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ይህንኑ ጻፍክለት?»

ከምሳ በፊት የላክሁለት መልስ «ስለ አስተያየትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፈሳሹን መርጫለሁ» የሚል ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው።

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና፣ «ታዲያ እኔ ላይ ምን ያስጮህሃል?» ብለውኝ ገቡ።