ጫልቱና የጨለማ ክፍሉ በር

ማክሰኞ

የፈራሁት መጣ። የጫልቱ ልጅ ሌንሴ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብላ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «እማማ ጸዳለ፣ ጋሽ ታደሰ እናቴን ስትጨፍር አንስተዋት ነበር አሉ» አለችኝ። «እሷ ፊልሙ ተቃጥሏል ትላለች። ምናልባት አንዷ ተርፋ አንቱ ጋ ትኖር እንደሆነ ብዬ ነው።»

እሁድ ትዳራለች። ከዚያ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ልትገባ ነው። ጫልቱ ከመኪና ላይ ወድቃ ጉልበቷ የተጎዳው ሌንሴ ከመወለዷ በፊት ነው። «ሰው ሁሉ ስለ ጭፈራዋ ያወራልኛል። እኔ የማውቃት ስታነክስ ብቻ ነው» አለች።

እፈልጋለሁ አልኳት። ዋሸሁ። አንዲትም እንዳልተረፈች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ

የባሌን የታደሰን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ከሞተ ወዲህ ሁለተኛዬ ነው። ካሜራው በቆዳ ማኅደሩ። ቀዩ አምፖል። ያልተከፈተ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ጊዜው ካለፈበት ዓመታት ሆኖታል። የደንበኞች ፖስታዎች፣ በእሱ እጅ ጽሑፍ።

ማንበብ የተማርኩት ከእነዚህ ፖስታዎች ነው። ፎቶውን አወጣለሁ፣ ፊቱን አውቀዋለሁ፣ ከዚያ ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ምን እንደሚል ይገባኛል። መጀመሪያ የለየሁት ፊደል የጫልቱ ባል የኦቦ ለሚ «ለ» ነው።

ያን ቀን ልጻፈው። ለማንም ጽፌው አላውቅም።

ሱሉልታ ሠርግ ነበር። ሜዳው አረንጓዴ፣ ከበሮው ደረት ውስጥ የሚገባ። ጫልቱ መሐል ገብታ አንገቷን ስትወረውር ጸጉሯ ከፊቷ በፊት ይደርስ ነበር። ታደሰ ተንበርክኮ ሙሉ ፊልም ጨረሰባት። ቡራዩ ቤታችን እስክንገባ ስለ እሷ ብቻ አወራ። «ትንፋሿን ነው የጠበቅኩት» አለኝ። «ጨፋሪ ከፍ ስትል ትንፋሿን ትይዛለች። ለቅጽበት ትቆማለች። ያኔ ነው መጫን። ከበሮው ትንፋሹን ስለሚውጠው ካንገቷ ነው ያነበብኩት።» እኔን ግን ሁልጊዜ «አንቺ ዝም ብለሽ ስትቆሚ ነው የምታምሪው» ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ፊልሙን ሊያጥብ ጨለማ ክፍል ገባ። ሻይ ይዤ በሩን ከፈትኩት፤ ብርሃን ገብቶ ፊልሙን አቃጠለው። ረስቼ አይደለም።

«መቀርቀሪያ ላበጅለት ይገባኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። በማግስቱ መቀርቀሪያ ገዝቶ መታ። እስኪሞት ድረስ ጥፋቱ የእሱ ነበር።

ሐሙስ

መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ወደ ገፈርሳ በኩል ጎማ ሲቃጠል ጭሱ እዚህ ድረስ ታየ። ሬዲዮው ተቃውሞ ያስነሣው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ብሏል፣ ግን የታሰረ አልተፈታ፣ የሞተ አልተነሣ።

የሰፈሩ ወጣቶች ሠርግ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞሩ ነው። በትሕትና ነው የሚናገሩት። ሰው ሞቶ ከበሮ አይመታም፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ መርቁ፣ ጭፈራ ግን ይቅር። ኦቦ ለሚ «እውነታቸውን ነው» አሉ። የአዲስ አበባው ቪዲዮ አንሺም አልመጣም ብሎ ደውሏል።

ሌንሴ ስታለቅስ ዋለች አሉ። ለቪዲዮው ይመስላቸዋል።

ዓርብ

ሄድኩ። ጫልቱ ጓሮ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«አካም ጅርታ! ነይ እስቲ፣ አንቺም አልቅሺልኝ፣ ይሄ ሽንኩርት ለብቻዬ አላልቅ አለኝ» አለች።

ቁጭ ሳልል ነገርኳት። ሻዩን፣ በሩን፣ ቅናቴን። ቢላዋው ቆመ።

«ታደሰ በየዓመት በዓሉ ይቅርታ ሲለኝ ኖረ» አለች። «በሞት አልጋው ላይ ሆኖም ብሎኛል። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

ሽንኩርቱን አንሥታ ገባች። ቆሜ ጠበቅኩ። አልወጣችም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ምንም። ማንም አልመጣም። ሁለት ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ያም ሆኖ ፊልሙን ካሜራው ውስጥ አስገባሁ። እጄ አልረሳም። ታደሰ በሌለ ቀን የጉርድ ፎቶ የማነሣው እኔ ነበርኩ።

እሁድ

ጸጥ ያለ ሠርግ። የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ። ካሜራውን ነጠላዬ ሥር ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ አላየችኝም፣ ወይም አላየሁም አለች።

ሙሽራው ሌንሴን ሊወስዳት ሲል ጫልቱ መጥታ ከላዬ ቆመች። «ይዘሽዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

ሌንሴን ከነቬሎዋ፣ እኔን ከነነጠላዬ መኝታ ቤት አስገባችን። ሻሿን ፈታች። ጸጉሯ ግማሹ ሸብቷል።

«ጉልበቴ አንድ ዙር ነው የሚችለው» አለች። «አንሺ። በሩን ግን እኔ ነኝ የምዘጋው።»

ቀረቀረችው።

በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው። ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም። ባዶ እግሯ ሲሚንቶውን ሲረግጥ ብቻ። ከዚያ ትንፋሿ። ታደሰ በከበሮው ያጣውን እኔ ሰማሁት። ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ቆመ። ተጫንኩ። እንደገና ቆመ። ተጫንኩ። አራት ጊዜ ብቻ። ከዚያ አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

ሌንሴ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። «እማዬ» ብቻ አለች።

እናቷ እያለከለከች «ኩሉሽን እንዳታበላሺው» አለቻት።

ሰኞ

ታክሲ ጀምሯል። ፒያሳ ሄድኩ። ጥቁርና ነጭ አሁንም የሚያጥብ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ታደሰን ያውቀው ነበር። ፊልሙን አገላብጦ አይቶ «እትዬ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል፣ ተስፋ አያድርጉ» አለኝ። የጨለማ ክፍሉ በር መቀርቀሪያ የለውም። በርጩማ ጠይቄ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል «አይቻልም» አልኩት፣ ራሴን እስኪገርመኝ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌው ከጨለማ ክፍሉ ሲወጣ እርጥቡን ፊልም ወደ ብርሃን አነሣው። ሦስቱ ጉም ናቸው። አንዷ አለች። ፊቷ አይለይም። ጸጉሯ አየር ላይ ነው፣ አንድ እግሯም መሬት አልነካም።

«የትኛው እግሯ ነው?»

አገላብጦ አየ። «ቀኙ።»

የምታነክስበት ነው።

ሁለት አሳተምኩ። አንዱ ወደ ሐዋሳ ይላካል። ሌላውን ነገ ጠዋት ለጫልቱ እወስዳለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አንኳኩቼ ደጅ ላይ እቆማለሁ፣ ራሷ እስክትከፍትልኝ።